«ሁለቱንም አሳዩ» ለሚላችሁ ጎብኚ፦ ለተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ኃላፊዎች፣ ኤግዚቢሽን አዘጋጆችና አስጎብኚዎች
ጉዳዩ፦ ዝግመተ ለውጥንና የፍጥረት አስተምህሮን በሙዚየም ስለማቅረብ

የተከበራችሁ የሙዚየም ሰዎች፣

ጥያቄው በየጊዜው ይመጣባችኋል። አንዱ አስተያየት መስጫው መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። ሌላው አስጎብኚውን በሰው ፊት ያፋጥጠዋል። አንዳንዴም በጠበቃ በኩል ይደርሳችኋል። «ለምን ዝግመተ ለውጥን ብቻ ታሳያላችሁ? ፈጣሪ ሰውን እንደ ፈጠረም ጎን ለጎን አሳዩንና ሕዝቡ ራሱ ይፍረድ» ይላል።

ሲሰሙት ቅን ነገር ነው። ሁለት ወገን ካለ ሁለቱም ይሰማ ማለት ምን ክፋት አለው? እኔ ራሴ አማኝ ነኝ። ዓለም ፈጣሪ የሌላት አይመስለኝም። ሆኖም ይህን ጥያቄ እንዳትቀበሉት ልለምናችሁ ነው የጻፍኩት። እንዲሁ ዝም ብላችሁ በሩን እንዳትዘጉበትም ጭምር። ጠያቂው መልስ ይገባዋል። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትሰጡት መልስ ግን ወይ ማድበስበስ ነው፣ ወይ ንቀት።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1978 አሜሪካ ውስጥ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ስለ ዝግመተ ለውጥ በሚያሳየው ኤግዚቢሽን ተከሶ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ከሳሾቹ ወይ ኤግዚቢሽኑ ይቁም፣ ወይ ደግሞ የዘፍጥረትን ታሪክ ለማሳየት እኩል ገንዘብ ይመደብ አሉ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተሸነፉ፤ በ1980 ይግባኙም ውድቅ ሆነ። በ2006 ደግሞ ኬንያ ውስጥ የሃይማኖት መሪዎች የናይሮቢው ሙዚየም «የቱርካና ልጅ» የሚባለውን የጥንት የሰው ዘመድ አፅም ፊት ለፊት ማሳየቱን ተቃወሙ። በ1984 የተገኘው ይህ የ1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አፅም ወደ ጓዳ ይግባ ነበር ጥያቄው። ሙዚየሙ በ2008 ከእድሳት በኋላ ሲከፈት አፅሙ ጓዳ አልገባም። ደግ አደረጉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሙዚየሙ ራሱ ሁሉንም ላስደስት ሲል የሚሆነው ነው። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ጃይንትስ ኮዝዌይ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። 40,000 ያህል የባዛልት ዓምዶች አንዱ ካንዱ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ሰው ጠርቦ የደረደራቸው ነው የሚመስሉት። ከ60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ሲቀዘቅዝና ሲሰነጣጠቅ የተሠሩ ናቸው። ቦታውን የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት በ2012 አዲስ የጎብኚዎች ማዕከል ከፈተ። ከሚሰሙት ቅጂዎች አንዱ ላይ ምድር ጥቂት ሺህ ዓመት ብቻ ነው ያላት የሚሉ ሰዎች ስለ ዐለቶቹ የተለየ አመለካከት እንዳላቸው፣ ክርክሩም እንደቀጠለ የሚገልጽ ነገር ገባ።

ያቺ አንዲት ነገር ጉድ አመጣች። ብዙ ሰው ተቆጣ። ተቋሙ እኛ የምናምነው ሳይንሱን ነው፣ የሰዎቹን ሐሳብ ጠቀስን እንጂ አልደገፍንም አለ። በኋላ በዚያው ዓመት ቅጂውን አስተካከሉት። እኔ የማዝነው ለተቆጣው ሰው ብቻ አይደለም። ያንን የሰማ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ምን ይዞ ይሄዳል? ዐለቱ እንዴት እንደተሠራ አላወቀም። አማኞቹ ለምን እንደዚያ እንደሚሉም አላወቀም። ያወቀው «ሰዎች አልተስማሙም» የሚለውን ብቻ ነው። ለዚህማ ሙዚየም ምን ያደርጋል? ይህንንማ እቤቱም ይሰማዋል።

አሁን ወደ ሌላው ጫፍ ልውሰዳችሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ ኬንታኪ ግዛት፣ ፒተርስበርግ በሚባል ቦታ በ2007 አንድ የፍጥረት ሙዚየም ተከፍቷል። 27 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ምድር 6,000 ዓመት ገደማ ብቻ እንዳላት፣ ዳይኖሰርና ሰው አብረው እንደኖሩ ያስተምራል። የግል ተቋም ነው፤ መብቱ ነው፤ እዚያ ገብቼ የምከራከረው የለኝም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እዚያ ካሉት ትርኢቶች አንዱ አሎሳውረስ የሚባል ዳይኖሰር እውነተኛ ቅሪተ አካል ነው። አጥንቱ የውሸት አይደለም። እናንተ ጋ ያለውም አሎሳውረስ እውነተኛ ነው። ልዩነቱ ሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ነው።

እንግዲህ ከውጭ ለመጣ ሰው ሁኔታው እንዲህ ነው። ሁለት ቤት አለ። ሁለቱም ጋ ጥሩ መብራት፣ ጥሩ መስታወት፣ ጥሩ አጥንት አለ። አንዱ መግለጫ «150 ሚሊዮን ዓመት» ይላል፤ ሌላው «ጥቂት ሺህ ዓመት» ይላል። ሁለቱም ቁጥሩን ጽፈው ዝም። ታዲያ ጎብኚው የትኛውን ይመን? ያደገበትን ነው የሚያምነው። የእናንተ መግለጫ እዚህ ላይ ከዚያኛው በምን ተሻለ? እውነቱ እናንተ ጋ ሆኖ ሳለ የምታቀርቡት ግን በትእዛዝ መልክ ነው።

ድንቅነሽን እንውሰድ። በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ የአፅሟ 40 በመቶ ገደማ ነው የተገኘው። ቅጂዋ በዓለም ዙሪያ በስንት ሙዚየም እንዳለ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ። አንዱ ቤት ቀጥ ብላ ቆማ፣ በሁለት እግሯ ትራመዳለች። የኬንታኪው ሙዚየም ደግሞ በ2012 ባቀረበው ትርኢት በእጇ መሬት ተደግፋ የምትሄድ ጎሬላ መሳይ አድርጎ ሠርቷታል። አንድ አፅም፣ ሁለት ገላ! ጎብኚው ሁለቱንም ቢያይ «ሁሉም የየራሱን ነው የሚሥለው» ብሎ ቢወጣ አይፈረድበትም።

ለዚህ የሚሆን መልስ አጥንቱ ላይ አለ። መግለጫው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። የጭኗን አጥንት እዩት። ከዳሌዋ ተነስቶ ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። የእናንተም የእኔም እንደዚያው ነው። ስንራመድ አንድ እግር ብቻ መሬት ላይ በሚሆንበት ቅጽበት ጉልበታችን ከሰውነታችን መሐል ሥር ስለሚሆን አንወድቅም። የቺምፓንዚ የጭን አጥንት እንዲህ አያዘነብልም፤ በሁለት እግሩ ሲሄድ ግራና ቀኝ የሚወዛወዘው አንድም በዚህ ነው። ዳሌዋን ደግሞ እዩት። አጭርና ሰፊ ነው፣ ወደ ጎን ዞሯል። የቺምፓንዚ ረጅምና ጠባብ ነው። ሦስቱን አጥንቶች፣ የእሷን፣ የሰውን፣ የቺምፓንዚን፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ጎብኚው ቅጂዎቹን በእጁ ይንካቸው። ማንም ፕሮፌሰር ሳይነግረው የአንድ ሕፃን ዓይን ልዩነቱን ይለየዋል።

አንድ የቆየ ወሬ አለ። «የድንቅነሽ ጉልበት የተገኘው ከአፅሟ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው፤ ገጣጥመው ነው የሠሯት» ይላል። ይህን የሚል ጎብኚ መጥቶባችሁ ያውቃል። ባይመጣም ይመጣል። ወሬው ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። በ1973፣ ድንቅነሽ ከመገኘቷ ከዓመት በፊት፣ እዚያው ሐዳር ላይ የሌላ ግለሰብ የጉልበት መጋጠሚያ ተገኝቶ ነበር። ቦታው ሌላ፣ ባለቤቱም ሌላ ነው። ሰው ሁለቱን አምታታቸው። ድንቅነሽ የራሷ የጭን አጥንትና የራሷ የቅልጥም ክፍል አላት። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ግን አስጎብኚው ካላወቀው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፤ ጎብኚው ደግሞ «አየህ፣ መልስ የላቸውም» እያለ ይወጣል።

በዚያው ልክ የማታውቁትን አትደብቁን። የድንቅነሽ የራስ ቅል ጥቂት ስብርባሪና የታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው የተገኘው። ሐውልቷ ላይ የምናየው ፊት ከሌሎች የዝርያዋ ቅሎች የተወሰደ ነው። የቆዳዋ ቀለም፣ የፀጉሯ ብዛት፣ የዓይኗ አተያይ፣ ይህ ሁሉ የሠሪው ግምት ነው። በዕውቀት ላይ የቆመ ግምት ነው፣ ግን ግምት ነው። ታዲያ ጻፉት! የተገኘውን አጥንት በአንድ ቀለም፣ የተሞላውን በሌላ ቀለም የሚያሳዩ ሙዚየሞች አሉ። እኔ እንደዚያ ያለ ቤት ስገባ የማምነው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አንድ ሰው «ይህን አላውቅም» ካለኝ በኋላ «ይህን ግን አውቃለሁ» ሲለኝ ጆሮዬን እሰጠዋለሁ።

ዕድሜውም ላይ እንደዚሁ ነው። ሰው ሁሉ «ካርቦን» የሚባል ነገር ሰምቷል። ብዙ ተጠራጣሪ «ካርቦን ሚሊዮን ዓመት ሊለካ አይችልም» ብሎ ይመጣል። እውነቱን ነው! ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ ብዙም አይጠቅምም። ድንቅነሽም በካርቦን አልተለካችም። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር የመጣው እሷ ከተገኘችበት ንብርብር አጠገብ ካለ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም አለ፤ ከፖታሲየሙ አንዱ ዓይነት ቀስ እያለ ይለወጣል፣ ከፊሉም አርጎን ጋዝ ይሆናል። ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። የተጠራቀመውን አርጎን ለክተህ አመዱ መቼ እንደወደቀ ታውቃለህ። ይኼን በአንድ ሥዕልና በአምስት መስመር መጻፍ ይቻላል። ስንት ቤት ገብቼ «3.2 ሚሊዮን ዓመት» የሚለውን ብቻ አንብቤ ወጥቻለሁ።

ስለ ስሕተታችሁም ላንሳ፤ እናንተም ንጹሕ አይደላችሁማ። ያቺ የታወቀችው ሥዕል አለች፤ ከጎበጠ ዝንጀሮ ተነስቶ ቀና እያለ፣ ቀና እያለ ሰው የሚሆነው ሰልፍ። በቲሸርቱም በማስታወቂያውም ላይ አለች። ሙዚየሞችም ለረጅም ጊዜ ፈረሱንም ሰውንም እንዲህ በቀጥታ መስመር ሲደረድሩ ኖረዋል። «ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ ታዲያ ዝንጀሮው ለምን እስካሁን አለ?» የሚለው ጥያቄ የተወለደው ከዚህ መስመር ነው። ጠያቂው ላይ አትሳቁበት፤ ያሳያችሁትን ነው የጠየቃችሁ። ሳይንቲስቶቹ የሚሉት ሰውና ቺምፓንዚ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅርንጫፍ ወጥቷል፣ ብዙውም ደርቋል። ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ብንሄድ ሦስትና ከዚያ በላይ የሰው ዘመድ ዝርያዎች በአንድ ዘመን አፍሪካ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሰልፉን አውርዱና ዛፉን ስቀሉ።

የፒልትዳውንንም ቅል አውጡት። በ1912 እንግሊዝ ውስጥ «ተገኘ» የተባለው ይህ ቅል የሰውና የኦራንጉታን አጥንት ተገጣጥሞ፣ ጥርሱ ተሞርዶ፣ ቀለም ተቀብቶ የተሠራ ማጭበርበሪያ ነበር። ለ40 ዓመት ገደማ ትልልቅ ሰዎችን አታሏል። ተቃዋሚዎቻችሁ ይህን ታሪክ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ትዝ የማይላቸው በ1953 ማን እንዳጋለጠው ነው፤ ሳይንቲስቶች ናቸው ያጋለጡት፣ ያውም ከእናንተው ቤት አጥንቱን አውጥተው በኬሚካል መርምረው። እናንተ ካልተናገራችሁት ሌላው በራሱ መንገድ ይናገርላችኋል።

አሁን «ሁለቱንም አሳዩ» ወደሚለው ልመለስ። ሁለቱንም ማለት የትኞቹን? ምድር 6,000 ዓመቷ ነው የሚል አማኝ አለ። ስድስቱ ቀናት ረጅም ዘመናት ናቸው የሚል አለ። ፈጣሪ በዝግመተ ለውጥ በኩል ፈጠረ የሚልም አለ። ይህ ገና ክርስትና ውስጥ ብቻ ነው። እስልምናው፣ ሂንዱው፣ የየሕዝቡ ጥንታዊ እምነት ሁሉ የራሱ የፍጥረት ትረካ አለው። አንዱን ካስገባችሁ ሌላውን በምን አፋችሁ ትመልሳላችሁ?

ደግሞ ለእምነቱም አይበጅም። ይህን የምለው እንደ አማኝ ነው። ዘፍጥረትን ከአርጎን መለኪያ አጠገብ አስቀምጦ «ተወዳደሩ» ማለት መጽሐፉን ያልመጣበትን ሥራ ማሠራት ነው። የፍጥረት ትረካዎች ሙዚየም ውስጥ ቦታ የላቸውም አላልኩም። አላቸው። የባቢሎናውያን የፍጥረት ትረካ የተጻፈባቸው የሸክላ ጽላቶች ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም አሉ፤ የሚያኮራ ቦታ ነው። የብራና ጽሑፎችም፣ ሥዕላቱም እንደዚያው። ሰው ስለ ራሱ ምን ሲያስብ እንደኖረ የሚያሳይ ክፍል ሥሩ። የዐለት ዕድሜ ክፍል ውስጥ ግን አትክተቱት።

ዝግመተ ለውጥን የተቀበለ ሁሉ ፈጣሪን የካደ እንዳልሆነም በአንድ ጥግ ብትነግሩን ብዙ ሰው ያርፋል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች አንዱ የነበረው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1996 ዝግመተ ለውጥ ከመላምት በላይ መሆኑን ተናግረዋል። ይህን ስትጽፉ ግን ለማባበል አይሁን። አልቀበልም የሚል አማኝም አለ፣ ቤታችሁም ሲመጣ እንግዳችሁ ነው።

ስሚዝሶኒያን በ2010 የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሹን ሲከፍት ከተለያዩ ሃይማኖቶች የተውጣጡ ሰዎች ያሉበት አማካሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ሳይንሱን እንዲያርሙ አልነበረም። ጎብኚው በምን ስሜት እንደሚገባ እንዲነግሯቸው ነው። በኋላም ተንቀሳቃሽ ኤግዚቢሽን ሠርተው ከ2015 እስከ 2017 ወደ 19 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወሰዱት፣ ከየአካባቢው ሰውም ጋር ተቀምጠው ተወያዩ። ከአጥንቱ ላይ አንድ ቁጥር አልቀነሱም።

የመጨረሻው ጉዳይ የአስጎብኚዎቹ ነው፤ እሳቱ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነውና። ኒውዮርክ ግዛት ኢታካ ያለው የምድር ሙዚየም በ2005 ለአስጎብኚዎቹ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ እንዴት እንደሚመልሱ የሚያሠለጥን መመሪያ አዘጋጅቷል። እናንተ ጋ አለ? ብዙ ቦታ ያየሁት አስጎብኚ ወይ ይደናገጣል፣ ወይ ሙድ ይይዛል። ሙድ መያዝ ሰውን አያሳምንም። አንድ ሰው በልጁ ፊት ተስቆበት ከወጣ ያ ልጅ ተመልሶ አይመጣም። አስጎብኚው ሦስት ነገር ካወቀ ይበቃዋል፦ ይህ አጥንት የት እንደተገኘ፣ ዕድሜው በምን እንደተለካ፣ እስካሁን ያልታወቀው ምን እንደሆነ። ስለ ፈጣሪ ሲጠየቅ ደግሞ «እሱን ይህ አጥንት ሊነግረን አይችልም፤ የሚነግረንን ላሳይዎት» ማለት ይችላል። ክብሩም የጎብኚውም ይጠበቃል።

ቲክታሊክ የሚባለው የጥንት ዓሣ ቅሪተ አካል ቅጂ ካላችሁ ለዚህ ሥልጠና ከእሱ ጀምሩ። ተመራማሪዎቹ በዓሣና በእግር ባላቸው እንስሳት መካከል የሚሆን ፍጡር ከኖረ 375 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው፣ ጥልቀት በሌለው የወንዝ ውሃ በተሠራ ዐለት ውስጥ መገኘት አለበት ብለው አስቀድመው አሰቡ። እንዲህ ያለ ዐለት የት እንዳለ በካርታ ፈለጉ። ሰሜን ካናዳ ኤልስሜር ደሴት ሄዱ፤ ለዓመታት እየተመላለሱ ቆፈሩ፤ በ2004 አገኙት። ዓሣ ነው፣ ግን አንገት አለው፣ ክንፉም ውስጥ እንደ ክንድ አንጓ ያለ አጥንት አለ። «ሁለቱንም አሳዩ» ላለ ጎብኚ ይህን ታሪክ ከካርታው ጀምራችሁ ንገሩትና ጥያቄውን ከዚያ በኋላ እንደገና ይጠይቃችሁ።

ገንዘብ የለንም እንዳትሉኝ። አዳራሽ አፍርሳችሁ ሥሩ አላልኩም። በዚህ ወር ከመግለጫዎቻችሁ አንዷን አውርዱ፤ ዕድሜው እንዴት እንደታወቀ፣ የቱ አጥንት እውነተኛ የቱ ቅጂ እንደሆነ፣ ምኑ ገና እንዳልታወቀ ጨምራችሁ በወረቀት አትሙና ለጥፏት። ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ ዝግመተ ለውጥን ለማይቀበል አንድ ሰው አስነብቧት። የቱ ጋ ግር እንዳለው ጠይቁት። እሱ ያቆመባት መስመር ናት እንደገና መጻፍ ያለባት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ትኬት ቆርጦ የሚገባ አንድ ጎብኚ